ዋሲላ ያጠበቻቸው ቱቦዎች

ዋሲላ ሠላሳ አንድ ዓመት የመስታወት የሙከራ ቱቦ አጥባለች። ሥራዋን ለሚጠይቃት ሁሉ «አጣቢ ነኝ» ትል ነበር እንጂ በመታወቂያዋ ላይ የተጻፈውን «የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን» የሚለውን ማዕረግ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። ሰው ሁሉ ስለ እሷ ሲያወራ ደግነቷን ያስቀድማል። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት አብሬያት ስለሠራሁ እውነቱን ልናገር፤ ዋሲላ ቁጡ ነበረች። እኔም ቁጡ ነኝ። የተዋደድነው ለዚህ ይመስለኛል።

ቁጣዋ የሚነሳው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቆሻሻ። ፕሮፌሰር ይሁን ተማሪ አታበላልጥም። የቤተ ሙከራችን ኃላፊ ሲ ሸድሊ («ሲ» በእኛ አገር «አቶ» እንደማለት ነው) አንድ ቀን የማቀዝቀዣውን እጀታ ይዘው ሲከፍቱ ከመታጠቢያው ጀርባ ሆና አየቻቸው።

«ሲ ሸድሊ፣ እጅዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ኧ... ሳንድዊች እየበላሁ ነበር።»

«ታዲያ በክርንዎ አይከፍቱትም? ሃሪሳውን፣ ይህንን የበርበሬ ድልህ፣ ቤትዎ ይለጥፉት!»

ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሰው እንደ ተማሪ ልጅ ሄደው እጃቸውን ታጠቡ። እኛ ሳቃችንን አፍነን ወደ ሥራችን አቀረቀርን።

ባሕር ዳር ባለችው ከተማችን በስፋክስ ማጠብ ራሱን የቻለ ትግል ነው። የቧንቧችን ውሃ ጨው አለው፤ መስታወት ላይ ሲደርቅ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። የተጣራው ውሃ ደግሞ ከአሮጌው ማሽናችን ጠብ ጠብ እያለ ስለሚወርድ ለሙከራ እንጂ ለእጥበት አይተርፍም። አዲስ ቱቦ በየጊዜው መግዛት የማይታሰብ ስለሆነ ያሉንን እያጠብን እንጠቀማለን። ዋሲላ እያንዳንዱን ቱቦ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ካላየች ወደ ቁም ሣጥኗ አታስገባም ነበር። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው።

ሥራችን አንድ ኢንዛይም ነው። ኢንሱሊን የሴልን በር ሲያንኳኳ፣ በሩ ላይ ያለው ፕሮቲን ታይሮሲን በሚባሉት ቦታዎቹ ላይ ፎስፌት ይለጠፍበታል። ፎስፌቱ እስካለ ድረስ ሴሉ በሩን ከፍቶ ስኳር ያስገባል። የእኛ ኢንዛይም ያንን ፎስፌት ከታይሮሲኑ ላይ ገፍፎ ይጥለዋል፤ በሩም ይዘጋል። ክፉ አይደለም፤ የተከፈተ በር መዘጋት አለበት። ሲበዛና ሲቸኩል ግን ስኳሩ ውጭ ይቀራል። ዋሲላ ረጅሙን ስሙን መጥራት ሰልችቷት «ገፋፊው» አለችው፤ ከእሷ በኋላ ሁላችንም፣ ሲ ሸድሊም ጭምር፣ ገፋፊው እያልነው ቀረን።

ገፋፊው መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ዓይን ይበቃል። ፎስፌት የተለጠፈበት ቀለም የሌለው ፈሳሽ እንሰጠዋለን። ፎስፌቱን ከገፈፈው ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል። ቢጫ ካልሆነ የሆነ ነገር ይዞታል ማለት ነው። ለስኳር በሽታ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ዕድሜውን የሚጨርሰው ያንን ቢጫ ያልሆነ ቱቦ በመመኘት ነው።

ቅጠሉን ያመጣችው ዋሲላ ናት። ባሏ ሙንሲፍ የከርከና ደሴት ልጅ ነው። ደሴቱንና ስፋክስን በሚያገናኘው መርከብ ላይ ገመድ ሲወረውርና ሲያስር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ጆሮው ትንሽ የደነቆረ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው። ስኳር ከያዘው አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጠዋትና ማታ መርፌ ይወጋል። በደሴቱ ጨዋማ ሜዳ ላይ የሚበቅል አንድ መራራ ቁጥቋጦ አለ፤ እናቱ ለሁሉም በሽታ ያፈሉት ነበር። ዋሲላ አንድ ጠዋት ሙሉ ከረጢት አምጥታ የሲ ሸድሊ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው።

«ከሩቅ አገር ቅጠል ከሚያስመጡ ይህንንም ይሞክሩት» አለች። «ካልሠራም ለፍየል ይሆናል።»

በመጀመሪያ ቀለሙን ለማየት ቅጠሉን ብቻ በየመጠኑ ቱቦ ውስጥ አደረግን፤ ዋሲላ አጥባ በየተራቸው መለሰችልን፤ ከዚያ በእነዚያው ቱቦዎች ከገፋፊው ጋር ሞከርነው። ቱቦዎቹ ቢጫ አልሆኑም! ቅጠሉን ስንጨምር ቢጫው እየሳሳ ሄደ፤ በጣም ስንጨምር ጭራሽ ጠፋ። ደግመን ሞከርን፤ ያው ነው። ሲ ሸድሊ በስብሰባ መካከል ብድግ ብለው «ይህ የዋሲላ ቅጠል ነው» አሉና አጨበጨቡ። እሷ ወጣች። ተከትያት ስሄድ ቧንቧውን ከፍታ ባዶ እጇን ውሃው ሥር ዘርግታ ቆማለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ስሜን ጠሩት እኮ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ የቅጠሉ ቱቦዎች የእሷ ልጆች ሆኑ። ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅላቸውም። ትንሽ ቅጠል የሚገባባቸውን በነጭ ክር፣ መካከለኛውን በአረንጓዴ፣ ብዙ የሚገባባቸውን በቀይ ክር አሥራ በየመደርደሪያቸው አስቀመጠች፤ የነጩ ወደ ቀዩ፣ የቀዩ ወደ ነጩ አይሄድም። ቅጠል የሌለባቸው የማመሳከሪያ ቱቦዎች ደግሞ ለብቻቸው። እኔ ይህን አይቼ ለተማሪዎች «ሥራ ማለት እንዲህ ነው» ብዬ አስተምሬበታለሁ። ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ሲ ሸድሊ ጽሑፍ ጻፉ፤ የከተማው ሬዲዮ ጠርቷቸው «እጅግ ተስፋ ሰጪ» አሉ። ዋሲላ ሬዲዮውን ቤተ ሙከራው ውስጥ ከፍታ ሁላችንንም ዝም አሰኝታ አዳመጠች።

በዚህ ዓመት የረመዳን መጨረሻ ላይ ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰደች። በዒድ ጠዋት የስፋክስ ቤት ሁሉ ጨው የገባ ዓሣና ሻርሙላ የሚባል የሽንኩርትና የዘቢብ ወጥ ይበላል፤ ሽንኩርቱና ዘቢቡ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ስለሚውል ሴቶቹ ከሥራ ይጠፋሉ። እኔ ባል የለኝም፣ ዓሣም አላጥብም፤ ቤተ ሙከራ ቀረሁ። ሙከራ ልጀምር ስል የቅጠሉ ቱቦዎች ያሉበት ቁም ሣጥን ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከዋሲላ ጋር ከሽንኩርቱ አጠገብ ነው። አንድ ያልተነካ የአዲስ ቱቦ ካርቶን ነበረን። ቀደድኩት።

ቅጠሉን ጨመርኩ፤ ገፋፊውን ጨመርኩ። ሁሉም ቢጫ ሆነ።

ቅጠሉን ሰደብኩ። ሙቀቱን ሰደብኩ። አዲስ ቅጠል አፍልቼ ደገምኩ፤ ቢጫ። አዲስ ኢንዛይም አውጥቼ ሦስተኛ ሞከርኩ፤ እንደ ካናሪ ወፍ ቢጫ! ዒድን እህቴ ቤት ዋልኩ፤ ሻርሙላውን በላሁት እንጂ አልቀመስኩትም። «ምን ነካሽ?» ትለኛለች እህቴ፤ ምን እላታለሁ?

ከዒድ በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ስገባ ዋሲላ ቀድማ መጥታ ቁም ሣጥኑን ከፍታለች፤ እሷ ግን ምድር ቤት የተጣራ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች። አንድ ሐሳብ ሲከነክነኝ ሰንብቶ ነበርና ከቀይ ክሩ መደርደሪያ አምስት ቱቦ አነሳሁ። ቅጠል አልጨመርኩም። ምንም አልጨመርኩም። ገፋፊውንና ፈሳሹን ብቻ አድርጌ ቆሜ ጠበቅኩ።

ቢጫ አልሆነም።

ክው ብዬ ቀረሁ። ቅጠል በሌለበት ቱቦ ገፋፊው ሞቶ ተኝቷል። አረንጓዴውን ሞከርኩ፤ ሳሳ ያለ ቢጫ። ነጩን ሞከርኩ፤ ደህና ቢጫ። ሁለት ዓመት የሳልነው የግራፍ መስመር በሙሉ፣ ያለ አንዲት ቅጠል፣ ፊቴ ተደርድሯል። ሲ ሸድሊን ጠራኋቸው፤ መጥተው አዩ፤ ቀና ብለው አዩኝ፤ ተመልሰው አዩ።

«ቅጠል አለበት» አሉ።

«የለበትም።»

«ነጂባ፣ ቅጠል አለበት በይኝ።»

«የለበትም ሲ ሸድሊ! ከቱቦው ነው። ቱቦው ራሱ ነው የሚገድለው!»

ወንበር ፈልገው ሲያጡ ካርቶኑ ላይ ተቀመጡ። ዋሲላ በዚህ መሀል በአንድ እጇ የውሃ ጀሪካን፣ በሌላው በፎጣ የተጠቀለለ ሳህን ይዛ ገባች።

«እንኪ ሰነፊቱ» አለችኝ፣ «ሻርሙላ አምጥቼልሻለሁ። ዓሣውን ግን ራስሽ ፈልጊ... ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ?»

«ለላ ዋሲላ» አልኳት፣ እንደ ታላቅ እህት አክብሬ፣ «የቅጠሉን ቱቦዎች በምንድን ነው የምታጥቢያቸው?»

«በእጄ ነዋ!»

«በምን ፈሳሽ?»

«ሳሙና መች ይበቃቸዋል ልጄ! ያ ቅጠል እንደ ሂና ነው የሚይዘው። ፐርኦክሳይድ ከፋርማሲ እገዛለሁ፣ ፀጉር ቤቶች ፀጉር የሚያነጡበትን፤ ከራሴ ኪስ ነው ደግሞ፣ እንዳትጠይቂኝ። ነጩ ክር ትንሽ፣ የቀጠነ ይበቃዋል። ቀዩ ሳይቀጥን ሁለት ቀን ይነከራል፤ እሱ ነው የሚብሰው።»

«ከዚያስ ታለቀልቂያቸዋለሽ?»

«በዚህ የጨው ውሃ? አበድሽ? ፋርማሲስቱ ራሱ መጨረሻው ውሃና አየር ነው ብሎኛል። አንጠፍጥፌ ክዳናቸውን እገጥማለሁ፣ አቧራ እንዳይገባ።»

ገፋፊው ፎስፌቱን የሚይዝበት አንድ ጣት አለው፤ ድኝ ያለበት ነው። ፐርኦክሳይድ ደግሞ መጀመሪያ የሚያቃጥለው ያንን ጣት ነው። ከቱቦው ግርጌ የቀረች አንዲት ጠብታ ትበቃለች። ይህን ተማሪ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ፤ ሲ ሸድሊ መጽሐፍ ጽፈውበታል። ሦስታችንም ስለ ገፋፊው ሁሉን ነገር እናውቅ ነበር፤ ስለ እጥበቱ ግን አንድ ቀን እንኳ የጠየቀ የለም።

ነገርኳት። በቀስታ ልነግራት አስቤ ነበር፤ እኔ ግን ቀስ ማለት አልችልበትም። «ቅጠሉ ምንም አላደረገም» አልኳት።

«ትንሽም?»

«ምንም።»

ትጮሃለች፣ ወይ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ከጠርዙ የፈሰሰውን በጣቷ ጠረገች። ፊቷ ግን እንደ ኖራ ነጥቷል።

«ሙንሲፍ መርፌውን ከተወ ሰባት ሳምንቱ ነው» አለች።

ሲ ሸድሊ ከካርቶኑ ላይ ተነሡ። «ምን?»

«እኔ ነኝ ያስተውኩት። ቅጠሉን ጠዋትና ማታ አፈላለታለሁ። በዚህ ዓመት አብረን እንጾማለን አልኩት፤ አብረን ጾምን።»

«አንቺ ሴት!» ብዬ ጮህኩ። «ቱቦ ውስጥ የሠራ ሁሉ ሰው ውስጥ ይሠራል ያለሽ ማነው?»

«እሳቸው ናቸው» አለች ወደ ሲ ሸድሊ እያየች። «በሬዲዮ።»

ሲ ሸድሊ ካርቶኑ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ስኳሩ ግን ጥሩ ነው እኮ» አለች ዋሲላ። «በየቀኑ ይለካል፤ ማታ ስገባ ይነግረኛል። መቶ አሥር፣ መቶ አሥራ ሁለት... ጥሩ ነው እኮ ልጄ! ታዲያ ምን አወረደው?»

«ለሙንሲፍ ደውዪለት» አልኳት። ደወለች፤ አያነሳም። እንደገና ደወለች፤ አያነሳም። እኔና እሷ ጀሪካኑን እንኳ ሳናነሳ ወጥተን ታክሲ ያዝን።

ቤታቸው ከወደቡ ጀርባ ነው። ሙንሲፍ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘነው፤ በእግሩ ሥር ባዶ የውሃ ጠርሙሶች ተበታትነዋል። በሰኔ ሙቀት የሱፍ ካልሲ አድርጓል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«መርከቡ ደረሰ?» አለኝ። ቀልድ ይሁን መቃዠት መለየት አልቻልኩም።

«ሲ ሙንሲፍ፣ እኔ ነጂባ ነኝ። ያውቁኛል?»

«ገመዱን ያዢ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ዋሲላ ብብቱ ሥር ገብታ አነሳችው። ያቺ ደቃቃ ሴት ያንን ግዙፍ ሰው እንዴት እንዳነሳችው አላውቅም። ሐኪም ቤት ስንደርስ ነርሷ ካልሲውን ልታወልቅ ሳበች፤ ካልሲው ተጣብቋል። በውሃ አርሳ ስታወልቀው ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሁለት ጣቶቹ ጠቁረዋል፤ ጥቁረቱ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይወጣል። ዋሲላ ሰው እግሩ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተሸክሞ በአንድ ቤት ውስጥ ከእሷ ጋር፣ ከዚያች አቧራ ከምታሳድድ ሴት ጋር፣ መኖሩን ማመን አልቻለችም። «አላየሁም» አለች። «አላየሁም፣ አላየሁም፣ አላየሁም።»

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ነገሩን አልሸፈነውም። ስኳሩ ከስድስት መቶ በላይ ነው፤ መጀመሪያ ያንን ያወርዳሉ፤ ነገ እግሩን ከጉልበቱ በታች ይቆርጣሉ፤ ካልተቆረጠ ይሞታል። ዋሲላ ወረቀቱ ላይ ፈረመች።

ሲቆረጥ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ዋልን። ልብሱን በፌስታል አድርገው ሰጥተውን ነበር። የስኳር መለኪያው ጃኬት ኪሱ ውስጥ ነበር፤ እጄ ሥራ ሲፈታ አይወድምና አወጣሁት። እነዚህ መለኪያዎች የቆየ ቁጥር ይይዛሉ። ቁልፉን ወደ ኋላ ተጫንኩ።

ሦስት መቶ ሰባ። ሦስት መቶ ዘጠና አምስት። አራት መቶ ሠላሳ። ወደ ኋላ ሄድኩ፤ መርፌውን በተወ በአራተኛው ቀን ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት። መቶ አሥር የሚባል ቁጥር አንድም ቀን የለም። በመጨረሻዎቹ ቀናት ጭራሽ ቁጥር የለም፤ መለኪያው ከአቅሜ በላይ ነው የሚለው ምልክት ብቻ።

«ምን ይላል?» አለች ዋሲላ። ያቺ በቱቦ ላይ የዝንብ እግር የምታይ ሴት ቅርብ ያለ ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ ከተሳናት ዓመታት ሆኗታል፤ መነጽር ግን የአሮጊት ነው ብላ እምቢ ብላለች።

ልዋሻት አሰብኩ። ከዚያ በዚያ ቤት ውስጥ ስንት ውሸት እንደተነገረ ትዝ አለኝና አነበብኩላት። ሁሉንም። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማች።

ሙንሲፍ በሦስተኛው ቀን አእምሮው ተመለሰ። ብርድ ልብሱ ከጉልበቱ በታች በአንድ በኩል ለጥ ብሎ ተኝቷል፤ አይቶታል፤ ስለ እሱ ግን አላነሳም። ዋሲላ ወንበሯን ወደ አልጋው ሳበች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?» አለችው።

«ምኑን?»

«ሙንሲፍ።»

«በመጀመሪያው ሳምንት» አለ። «መለኪያው የተበላሸ መሰለኝ። ጎረቤት ሄጄ በእነሱ መለኪያ ተለካሁ። ያው ነው።»

«ታዲያ ለምን መርፌህን አልወጋህም?»

«መርፌውን ለጎረቤት ሰጥተሽው!» አለና ሊስቅ ሞከረ። እሷ አልሳቀችም።

«እግርህስ? እግርህን ለምን ደበቅከኝ?»

«ልነግርሽ ነበር እኮ። በየቀኑ ልነግርሽ እነሳ ነበር። አንቺ ግን ወጥ ቤት ውስጥ ትዘፍኛለሽ።» ትንፋሽ ወሰደ። «ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ስትዘፍኚ ሰምቼ አላውቅም። ቅጠሉ ካልሠራ ታቆማለሽ ብዬ... ከዒድ በኋላ እነግራታለሁ አልኩ። ድምፅሽም ጥሩ አይደለም ደግሞ።»

ዋሲላ በጥፊ መታችው። ጥፊው ክፍሉን አናወጠው፤ ነርሷ ሮጣ ገባች፤ እኔ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። በበሽተኛ ላይ እጅ ሲነሳ አይቼ አላውቅም። ሙንሲፍ ጉንጩን ይዞ አያት፤ እሷ ጎንበስ ብላ የመታችውን ቦታ ሳመችውና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ አፏን ከፍታ፣ ሰው ሳታፍር።

ስታበቃ ፊቷን በመጎናጸፊያዋ ጠረገች። መለኪያውን ከፌስታሉ አወጣች፤ ጣቱን ሳትጠይቀው ያዘችና ወጋች፤ ደሙን ነካችበት። ክንዷን ዘርግታ ቁጥሩን ለማየት ዓይኗን አጠበበች። አልቻለችም። ለእኔ ሰጠችኝ።

«አንብቢ።»

«መቶ ሰማንያ አራት።»

ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ስታውቀኝ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። መለኪያውን ከእጄ ወስዳ ለነርሷ አቀበለቻት።

«አንቺም አንብቢልኝ።»

ነርሷ ግራ እየተጋባች አነበበች፤ መቶ ሰማንያ አራት። ዋሲላ መለኪያውን ተቀብላ ከጎናችን ያለውን በሽተኛ ወደምታስታምም፣ ወደማታውቃት ሴት ዞረች።

«እርስዎስ እናቴ፣» አለቻት፣ «ስንት ይላል?»